የተናዘዘ ሰው ይግባኝ ይላልን?

በደሉን ለንስሐ አባቱ የተናዘዘ፥ በዳኛም ፊት በአንደበቱ ያመነ ሰው፥ የተፈረደበትን እስራት ቆሞ ከሰማ በኋላ «ቅጣቱ ከጥፋቴ ይበልጣል» ብሎ ወደ በላይ ዳኛ ማመልከቱ ንስሐውን ያፈርስበታልን ወይስ ከንስሐው ጋር አብሮ ሊቆም ይችላል? ጥያቄው በጉባኤ ቤት ወንበር ዘርግተው ለሚከራከሩ ሊቃውንት የተተወ ቢመስልም፥ በአርባ ምንጭ የታሰረ ልጇን ለመጠየቅ ስንቅ ቋጥራ በማለዳ የምትነሣ እናት በመንገድ ላይ የምታወጣው የምታወርደው፥ መልሱንም ሳይውል ሳያድር የምትፈልገው ነገር ነው፤ የይግባኙ ቀን ይቆጠራልና።

ነገሩ እንዲጨበጥ አንድ ወጣት በዓይነ ሕሊናችን እናቁም። ስም አልሰጠውም፤ ታሪኩ የአንድ ሰው ሳይሆን ከብዙዎች ኑሮ የተውጣጣ ነውና። አባቱ በጫሞ ሐይቅ መረብ እየጣለ፥ ነጭ ዓሣና ቆሮሶ እያወጣ ልጆቹን ያሳደገ ዓሣ አስጋሪ ነው፤ ነገር ግን የሐይቁ ዓሣ ከመጠን በላይ ከመሰገሩ የተነሣ እየሳሳ፥ ሌሊቱን ሙሉ የተጣለውም መረብ ማለዳ ባዶውን የሚወጣበት ቀን እየበዛ ስለ ሄደ፥ ልጁ የአባቱን ሥራ ትቶ ከሻሸመኔ በሶዶ በኩል ወደ አርባ ምንጭ በሚመላለስ መኪና ላይ ረዳት ሆነ። ከዕለታት አንድ ቀን በመናኸሪያ አንድ የማያውቀው ሰው አፉ የተሰፋ ማዳበሪያ አስረክቦት፥ አርባ ምንጭ ሲደርስ የሚቀበለው ሰው እንዳለ ነግሮት፥ በብዙ ቀን የማያገኘውን ገንዘብ በእጁ ጨበጠለት። ልጁ ማዳበሪያውን ሲያነሣ ክብደቱ ከመጠኑ ጋር አልስማማ አለው፤ ሽታውም ነገረው። ዐወቀ። ዐውቆም ከኋላ ወንበር ሥር አግብቶ የሽንኩርት ጆንያ ደረበበት። ኬላ ላይ ፈታሾቹ ሽንኩርቱን አንሥተው ማዳበሪያውን በጩቤ ሲቀዱት የወጣው ካናቢስ ነበር።

ላኪው አልተገኘም፤ ተቀባዩም ስልኩን ዘጋ። ልጁ ብቻ ተያዘ። በችሎት ክሱ ተነብቦለት የእምነት ክሕደት ቃሉን ሲጠየቅ «ድርጊቱን ፈጽሜአለሁ፥ ጥፋተኛም ነኝ» አለ፤ ፍርድ ቤቱም አደንዛዥ ዕፅን ማብቀልን፥ ማከማቸትን፥ መሸጥንና ማዘዋወርን በሚቀጣው በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 525 መሠረት ዓመታት የሚቆጠሩበት ጽኑ እስራት ፈረደበት። በማረሚያ ቤቱ ግቢ የቆዩ እስረኞች «ይግባኝ በል፥ አሥራ አምስቱ ቀን እንዳያልፍብህ፥ የፍርድ ግልባጩን ቶሎ ጠይቅ» ይሉታል። እናቱ ግን ለልጇ ምሕረት እስከ ብርብር ማርያም ወጥታ የተሳለች ሴት ስለሆነች፥ በመጠየቂያው አጥር በኩል አይታው «ልጄ፥ ያጠፋኸውን አምነሃል፤ የተሰጠህን ተቀበል፥ ከእግዚአብሔር ጋር አትሟገት» ትለዋለች።

የእናቲቱን ቃል ሕግ ከማያውቅ ሰው የወጣ ብሎ የሚያቃልል ቢኖር እኔ ከእርሱ ጋር አልተባበርም፤ ከቃሏ በስተኋላ ብርቱ ትምህርት ቆሟልና። ቤተ ክርስቲያናችን ጥጦስ ብላ የምትጠራው ፈያታዊ ዘየማን፥ በጌታ ቀኝ የተሰቀለው ወንበዴ፥ በመስቀል ላይ ሳለ ባልንጀራውን ሲገሥጸው፥ እነርሱ ሁለቱ የተቀበሉት ለሥራቸው የሚገባ ዋጋ እንደ ሆነ በግልጥ መስክሯል፤ ከሰው ሁሉ በፊት ገነት የገባውም ይህን የመሰከረ ወንበዴ ነው። ስለዚህ ብዙ ምእመናን የንስሐ ፍጻሜ ዝምታ ይመስላቸዋል፤ የተፈረደበት ሰው አንገቱን ደፍቶ መስቀሉን መሸከም እንጂ ስለ ክብደቱ መናገር አይገባውም ይላሉ። በአደንዛዥ ዕፅ ነገር ደግሞ ይህ አሳብ ይበረታል፤ ምክንያቱም በዚያ ማዳበሪያ ውስጥ የነበረው ነገር ከስፍራው ደርሶ ቢሆን ኖሮ የስንቱን ወጣት አእምሮ ያናውጥ፥ ስንቱን ተማሪ ከትምህርቱ ያስወጣ፥ የስንቷን እናት ቤት ያፈርስ እንደ ነበረ ማንም ሊቈጥረው አይችልም።

ይሁን እንጂ የዚያኑ ወንበዴ ነገር እስከ መጨረሻው ብናነብበው ዝም እንዳላለ እናገኛለን። በደሉን ባመነበት አፉ፥ ትንፋሹንም ሳይለውጥ፥ በአጠገቡ ወደ ተሰቀለው ጌታ ዘወር ብሎ በመንግሥትህ ዐስበኝ ሲል ለመነ። እምነቱና ልመናው በአንድ እስትንፋስ የወጡ ናቸው። እንዲያውም ልመናውን ልመና ያደረገው ከፊቱ የቀደመው እምነት ነው፤ በግራ የተሰቀለው ደግሞ በደሉን ሳያምን አድነኝ ስላለ ልመናው ስድብ ሆነበት። እንግዲህ በቀኝና በግራ መካከል ያለውን ልዩነት መለመንና አለመለመን አላደረገውም፤ ሁለቱም ለምነዋልና። ልዩነቱ እውነትን ይዞ በመለመንና እውነትን ክዶ በመለመን ላይ ነው።

ቅዱስ ጳውሎስም በቂሣርያ በፊስጦስ የፍርድ ወንበር ፊት ቆሞ ወደ ቄሣር ይግባኝ ሲል፥ አስቀድሞ የተናገረው ሞት የሚገባው ሥራ ሠርቶ እንደ ሆነ ከሞት እንደማይሸሽ ነበር። ጳውሎስ ንጹሕ ሰው ነበረና የእርሱ ነገር ለበደለኛው ልጅ አይሆንም የሚል ይኖራል፤ እውነት ነው። ነገር ግን ያች የፊተኛይቱ ቃሉ ለበደለኛም ለንጹሕም እኩል ታገለግላለች፤ ይግባኝ ማለት ከቅጣት መሸሽ እንዳልሆነ፥ የሚገባውን ቅጣት ለመቀበል የተዘጋጀ ሰውም ይግባኝ ሊል እንደሚችል ታሳያለችና። በደለኛውን ለብቻው የሚመስል ምሳሌ የሚሻ ሰው ደግሞ ምናሴን ያንብብ። ኢየሩሳሌምን በንጹሓን ደም የሞላ ንጉሥ በሰንሰለት ታስሮ ወደ ባቢሎን ከተወሰደ በኋላ፥ በእስር ቤት ሆኖ ጸለየ፤ ጸሎቱን አባቶቻችን ከቅዱሳት መጻሕፍት ጋር አኑረውታል። እግዚአብሔርም የእስረኛውን ልመና ሰምቶ ወደ መንግሥቱ መለሰው። ታሥረሃልና ፍርድህን ፈጽም፥ አትለምን አላለውም።

ከዚህ ይልቅ ግን ለእናቲቱ የሚቀርባት፥ በየዕለቱ የምታውቀው የኑዛዜ ሥርዓት ይመስለኛል። ተነሳሒ በካህን ፊት ተንበርክኮ ኃጢአቱን ከተናገረ በኋላ አበ ነፍሱ ቀኖና ይሰጠዋል፤ ይህን ያህል ቀን ጹም፥ ይህን ያህል ስገድ፥ ይህን ያህል መጽውት ይለዋል። ተነሳሒው በሽተኛ ወይም በቀን ሥራ የሚያድር ምስኪን ሆኖ «አባቴ፥ ይህ ከዐቅሜ በላይ ነው» ቢል፥ አዋቂ ካህን ይቈጣዋልን? አይቈጣውም፤ ስግደቱን በጸሎት፥ ጾሙን በምጽዋት ይለውጥለታል፤ ዐቅሙን ያልመዘነ ቀኖና ተስፋ ወደ መቍረጥ እንደሚያደርስ ያውቃልና። እነሆ፥ ከይግባኝ ሁሉ የሚቀድም ይግባኝ በራሱ በንስሐ መንበር ሥር አለ፤ ሰውየውም ቀኖናው እንዲቀልለት ስለ ጠየቀ ተነሳሒነቱን አላጣም።

እንግዲህ የነገሩ ሥር መጠን ነው። ጥፋትንና ቅጣትን የሚያገናኝ መጠን ማን ያውቀዋል? እግዚአብሔር ልብን ስለሚያይ ያውቀዋል፤ ዳኛ ግን ሰው ነውና የሚያየውን ይመዝናል። በዕፅ ነገር የሚታየው ደግሞ ማዳበሪያው ነው። ማዳበሪያው ሚዛን ላይ ወጥቶ ኪሎው በመዝገብ ሲጻፍ፥ የኪሎው ብዛት የክፋት ብዛት ሆኖ ይቈጠራል፤ ነገር ግን ያንን ኪሎ ያሰናዳው፥ ዋጋውን የቈረጠው፥ ትርፉንም የሚበላው ሌላ ሰው ነው፤ ረዳቱ ልጅ የያዘው የመንገድ ገንዘብ ብቻ ነበር። በዚህ ንግድ ውስጥ ትንሹ ድርሻ ያለው ሰው ትልቁን ሸክም ይዞ ይገኛል፤ ባለቤቱ ከዕቃው ርቆ እንዲኖር፥ ድኻው ከዕቃው ጋር እንዲሄድ ተብሎ የተሠራ ንግድ ነውና። በቦሌ አየር ማረፊያ በኩል አልፈው፥ ሰው የሰጣቸውን ሻንጣ ይዘው በሩቅ ምሥራቅ አገሮች ለእስራት የተዳረጉ እኅቶቻችንና ወንድሞቻችን ዕጣም ይኸው ነው።

አርስጣጣሊስ ይህን ችግር ጥንት አይቶታል። ሕግ ለሁሉ የሚነገር ስለሆነ እያንዳንዱን ነገር ሊደርስበት አይችልም፤ ስለዚህ ከሕግ ጋር ርትዕ ያስፈልጋል ብሎ፥ የሌስቦስ ግንበኞች የድንጋዩን ቅርጽ እየተከተለ የሚታጠፍ የእርሳስ መለኪያ እንደ ነበራቸው ምሳሌ አመጣ። ሕግ አውጪዎቻችንም ይህን አልዘነጉትም። የወንጀል ሕጉ በአንቀጽ 88 ቅጣት በጥፋተኛው የግል ጥፋት መጠን እንዲወሰን፥ ያለፈ ሕይወቱ፥ ያነሣሣው ምክንያት፥ የኑሮውና የትምህርቱ ደረጃ እንዲታዩ ያዝዛል፤ በአንቀጽ 82 ደግሞ ቅጣትን ከሚያቃልሉት ምክንያቶች መካከል እውነተኛ ጸጸትን ይቈጥራል፤ ጥፋቱን ያመነ፥ ራሱን ለፍርድ ያቀረበ፥ ለበደለው ሰው የደረሰና በተቻለው የካሠ እንዲታሰብለት። ሥጋዊ ሕግ ንስሐን በመዝገብ ውስጥ ቦታ ሲሰጠው ማየት እኔን እጅግ ያስደንቀኛል።

እዚህ ላይ ግን አንድ ችግር አለ፤ ልዘልለው አልፈልግም። የበደለውን ይካሥ ሲባል፥ ዕፅ ያዘዋወረ ሰው ማንን ይክሣል? ዘኬዎስ በግፍ የወሰደውን አራት እጥፍ ልመልስ ባለ ጊዜ የሚመልስለት ሰው በኢያሪኮ ነበረ። ነፍስ የገደለ ሰው የሟቹን ወገን ያውቃል፤ ሽማግሌ ልኮ፥ ድንጋይ ተሸክሞ፥ ደሙን ያደርቃል። በጋሞ ደጋ ደግሞ የማኅበሩን ሕግ የተላለፈ ሰው ጎሜ ይይዘዋል ይባላል፤ ጎሜውም በእርሱ ብቻ ሳይቀር በቤተ ሰቡ፥ በከብቱና በእርሻው ላይ መዓት ያመጣል ተብሎ ይታመናል፤ መንጻትም የሚገኘው ዱቡሻ በሚባለው የጉባኤ አደባባይ፥ በሽማግሌዎች ፊት፥ በደልን ገልጦ በመናገር ነው። ይህ የአባቶች ሥርዓት የተሰወረ በደል የብዙዎች በሽታ መሆኑን፥ ገልጦ መናገርም የመፈወስ መጀመሪያ መሆኑን ከማንም ትምህርት ቤት ቀድሞ ዐውቋል። ለረዳቱ ልጅ ግን በፊቱ የሚቆም ተበዳይ የለውም። ያ ማዳበሪያ ተበትኖ ቢሆን የሚጎዳው ወጣት በሶዶ ይሁን በአርባ ምንጭ ወይም በአዲስ አበባ አያውቅም፤ ስሙን አያውቅም፥ እናቱን አያውቅም፥ እግሩ ላይ ሊወድቅ አይችልም። በደሉ ፊት የለውም። ስለዚህ በዳይ እንደ በደለ አይሰማውም፤ «እኔ ዕቃ ጫንሁ እንጂ ማንን ነካሁ?» ይላል፤ ይህችም ቃል ለነፍሱ ከእስራቱ ይልቅ አስጊ ናት። መንግሥት በማይታየው ተበዳይ ስፍራ ቆሞ ሲከስስ፥ የእስራቱም ዓመት በካሣው ስፍራ ሲቆም፥ ዐቃቤ ሕግ የሚናገረው ስለዚያ ፊቱ ስለማይታይ ልጅ መሆኑን ይግባኝ ባዩ ሊረሳ አይገባውም። ይግባኙን ሲጽፍም ያን ልጅ በፊቱ አቁሞ ይጻፍ እላለሁ።

የጋሞ ሽማግሌዎችን ካነሣሁ ዘንድ በመስከረም 2011 ዓ.ም. ያደረጉትን ሳልናገር አላልፍም። በቡራዩ የወገኖቻቸው ደም በግፍ መፍሰሱ ሲሰማ፥ የአርባ ምንጭ ወጣቶች በቍጣ ነደው ለበቀል ወጡ፤ ሽማግሌዎቹ እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው በመንገዱ ላይ ወጥተው ከልጆቻቸው እግር ሥር ተንበረከኩ፤ ወጣቶቹም ተመለሱ። እነዚያ አባቶች ደም አልፈሰሰም፥ በደል አልተፈጸመም አላሉም። በአንድ ወገን በተፈጸመ ግፍ ሌላ ንጹሕ ሰው እንዳይከፍል፥ ቍጣም ከመጠኑ እንዳያልፍ ለመኑ። በእኔ አስተያየት በዘመናችን በዚህች አገር ከተሰሙት የይግባኝ ቃሎች ሁሉ የከበረው በዚያ ጎዳና ላይ ያለ ወረቀት የቀረበው ነው።

አባቶቻችን ከምስለኔ ወደ ገዢ፥ ከገዢ ወደ አፈ ንጉሥ፥ ከዚያም እስከ ዙፋን ችሎት እያሉ የሚወጡበት መንገድ ነበራቸው፤ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮች ሲሾሙ የፍርዱን ሥራ ለአፈ ንጉሥ ነሲቡ መስጠታቸውም ይኸው መንገድ በሥርዓት እንዲጸና ነበር። በዙፋኑም ፊት የተረታ ሰው «ይግባኝ ለክርስቶስ» ይል ነበር። የዛሬው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 20 ይግባኝ ማለትን የተከሰሰ ሰው ሁሉ መብት ሲያደርገው በዚሁ ሕዝብ ልብ ውስጥ የቆየውን ነገር በጽሑፍ አጸናው እንጂ እንግዳ ነገር አላመጣም።

በሌላ ወገን ደግሞ ምሕረትን የሚያረክስ ልማድ እንዳለን መካድ አይቻልም። በተአምረ ማርያም የሚነበበው የቅምር ሰው የበላዔ ሰብእ ነገር በብዙዎች ዘንድ በቀላሉ ይተረጐማል፤ ሰባ ስምንት ሰው የበላው በጥርኝ ውኃ ዳነ እንግዲህ እኔም አንድ ቀን እድናለሁ እያለ በበደሉ የሚጸና አለ። ታሪኩን በጸጥታ ለሚያስተውል ሰው ግን የሚታየው ሌላ ነው። የሰባ ስምንቱ ነፍስ ከሚዛኑ አልወረደም፤ አልተፈጸመም የተባለ በደል የለም። የእመቤታችን ምልጃ ያደረገው ያች የተረሳች ጥርኝ ውኃ ደግሞ በሌላው ወገን እንድትቀመጥ ነው። በምድርም ይግባኝ ማለት ይህን ያህል ነው፤ በመጀመሪያው ችሎት ላይ ያልተመዘነችው ትንሽ ነገር ትመዘንልኝ ማለት። ከዚህች ጥቂት ልመና የተነሣ ቅጣት ሲቀልል የሚከፋው ሰውም አለ፤ ዮናስም ነነዌ ሳትጠፋ በመቅረቷ ተቈጥቶ ነበር፤ በየዓመቱ ሦስት ቀን የምንጾመው ግን ከነነዌ ሰዎች ጋር ነው።

አሁን ወደ ማረሚያ ቤቱ እንመለስ፤ የቀረው ከሁሉ የከበደው ነውና። ከእስረኞቹ መካከል በችሎት ነገር የበሰለው ሰው ልጁን ወደ ጥግ ወስዶ «ማዳበሪያው ውስጥ ያለውን አላየሁም፥ አላወቅሁም ብለህ ጻፍ፤ መጀመሪያ ያመንከው ፈርተህ ነው በል» ሲል ይመክረዋል። ለልጁ ነፍስ የሚያሰጋው ይህ ምክር ነው። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ጥፋተኝነቱን አምኖ የተፈረደበት ሰው በጥፋተኝነቱ ላይ ይግባኝ እንዳይል፥ በቅጣቱ መጠንና ሕጋዊነት ላይ ብቻ እንዲል የደነገገው ለችሎት ሥራ ቅልጥፍና ተብሎ ሊሆን ይችላል፤ እኔ ግን በውስጡ የነፍስ ጥቅም አይበታለሁ። የሐሰትን በር ዘግቶ የመጠንን በር ክፍት ትቶአልና። ፈርቶ ወይም ተገድዶ በሐሰት ያመነ ሰው ቢኖር ነገሩ ሌላ ነው፥ በሌላ መንገድ ሊታይለት ይገባል፤ ሽታው ነግሮት ዐውቆ የጫነው ልጅ ግን በማዳበሪያው ላይ ሽንኩርት እንደ ደረበበት ሁሉ በንስሐው ላይ ሐሰት ሊደርብበት አይገባም።

የሚጽፈውን እርሱ ራሱ ያውቀዋል። ዐውቄ ጫንሁ፥ ገንዘብ ተቀበልሁ ይበል፤ የላከኝን ሰው መልክና የሰጠኝን ስልክ ለፖሊስ ተናግሬአለሁ፥ ከዚህ በፊት ጥፋት የለብኝም፥ የዕፁ ባለቤት እኔ አይደለሁም፥ ዕድሜዬና ኑሮዬ ይኽን ይመስላል ይበል፤ በተፈረደብኝ ላይ እነዚህ አልታዩልኝም ብሎ ለማረሚያ ቤቱ ኃላፊ ያስረክብ፤ ኃላፊውም ወደ ፍርድ ቤቱ ያስተላልፍለታል። እናቱም ይህን ወረቀት ለንስሐ አባቷ ብታስነብበው ካህኑ ከኑዛዜው ጋር የሚጣላ ቃል አያገኝበትም።

የላይኛው ፍርድ ቤት ቅጣቱን ቢያጸናውስ፥ እናቲቱ ከመጀመሪያው ትክክል ነበረች ማለት ነውን? አይመስለኝም። ሳይጠይቅ የተቀበለው እስራት ከፍርሃት ይሁን ከትሕትና መምጣቱን እርሱም አይለየውም ነበር፤ ጠይቆ፥ እውነቱን ሁሉ አስመዝኖ የተቀበለው ግን የራሱ ይሆናል፥ እንደ ቀኖናም ሊቀበለው ይችላል። የሕግ ስሕተት አለበት ካለ የሰበር ችሎት አለለት፤ ከሌለበትም ከቅጣቱ ሁለት ሦስተኛውን በመልካም ጠባይ ሲፈጽም አመክሮ ሊጠይቅ ሕጉ ይፈቅድለታል፤ ያን ጊዜም ማመልከቻ ይጽፋል፥ በዚያም ማመልከቻ ውስጥ ማዳበሪያውን ዐውቆ እንደ ጫነ ይጽፋል።